ጨዋታን ያልተወ አባት

በቋንቋችን «ጨዋታ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይዟል። ልጆች በሜዳ ላይ የሚሯሯጡበትም ጨዋታ ይባላል፤ ሽማግሌዎች በምድጃ ዙሪያ ተቀምጠው የሚያወጉትም ጨዋታ ይባላል። እንግዳ ወደ ቤታችን ሲገባ መቀመጫ ሰጥተን፣ የሚቀመስ አቅርበን፣ «ይጫወቱ እንጂ» እንለዋለን። አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠውን ወዳጃችንንም «ምነው ዛሬ አትጫወትም?» ብለን ሐሳብ እንደገባው እንጠይቀዋለን። አባቶቻችን እነዚህን ሁለት ነገሮች በአንድ ስም የጠሩት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። በሁለቱም ሰው ከሰው ጋር ይገናኛል፤ በሁለቱም ልብ ከሸክሙ ጥቂት ያርፋል።

ይሁን እንጂ አንድ ሰው አግብቶ ልጅ ከወለደ በኋላ ከሁለቱ ጨዋታዎች አንዱን እንዲተው ይጠበቅበታል። ወሬውን ማውራት ይፈቀድለታል፤ ሩጫውና ሳቁ ግን የልጅ ሥራ ነው ይባላል። በአሰላ ከተማና በአርሲ ደጋ ኑሮ ቀላል አይደለም። ገበሬው ከስንዴውና ከገብሱ፣ ነጋዴው ከሱቁ፣ የመንግሥት ሠራተኛውም ከመዝገቡ ጋር ሲታገል ይውላል። ማታ የተመለሰው አባት እግሩን ታጥቦ፣ ራቱን በልቶ ይተኛል፤ አለዚያም ድካሙን ለመርሳት ወደ መጠጥ ቤት ጎራ ይላል። የመጀመሪያው ጨዋታን ከቤቱ አስወጥቷል፤ ሁለተኛው ደግሞ ጨዋታውን ይዞ ራሱ ከቤቱ ወጥቷል።

በማስተምርበት ክፍል አንድ ቀን ልጆቹን «አባቶቻችሁ ምን ይጫወታሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው እርስ በርሳቸው ተያይተው ሳቁ። ከመካከላቸው አንዱ ተነሥቶ «መምህር፣ የኔ አባት ሥራ አላቸው፤ አይጫወቱም» አለ። ልጁ ይህን የተናገረው አባቱን ለማክበር ነበር። እኔንም ያሳሰበኝ ይኸው ነው። ሥራ ያለው ሰው ጨዋታ አያስፈልገውም ከተባለ፣ ሥራው ወይም ጉልበቱ ከእጁ በወጣበት ቀን ምን ይቀረዋል?

ለዚህ ጥያቄ በሕይወቱ መልስ የሰጠ አንድ የሀገራችን አባት አለ። ዓለም የሚያውቀው በሯጭነቱ ነው፤ ዛሬ ግን በተጫዋችነቱ እናስታውሰው። ይህም ሰው ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። እንደ ዘመኑ ልጆች ሁሉ ከብት ጠብቋል፤ እስከ 12 ዓመቱም የቄስ ትምህርት ተምሯል። በልጅነቱ ስሙ በመንደሩ የተነሣው ግን በሩጫ አልነበረም፤ በገና ጨዋታ ጎበዝ በመሆኑ ነበር እንጂ።

የገናን ጨዋታ የደጋ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይቆረጣል፤ ሩሯ ትዘጋጃለች፤ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተብሎ ጎራ ይለያል። ሜዳው አጥር የለውም፤ የተጫዋቹም ቁጥር አይወሰንም። ሩሯ ወደ ወንዝ ከወረደች ወደ ወንዝ ይወረዳል፤ ኮረብታ ከወጣችም ኮረብታ ይወጣል። የጌታችንን ልደት የሰሙ እረኞች በትራቸውን ይዘው በደስታ የተጫወቱበት መታሰቢያ ነው ብለው አባቶች ይተርኩልናል። በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው አይቆጣም መባሉም ስለዚህ ነው፤ የደስታው ምንጭ ከሁሉም በላይ ነውና ትልቅና ትንሽ ለአንድ ቀን እኩል ይሆናሉ።

እንግዲህ ሩር እየተከተለ አቀበት ቁልቁለቱን ሲሮጥ የዋለ ልጅ፣ ማንም አሠልጣኝ ሳያዘው ትንፋሹንና ጉልበቱን ሲያጠነክር ዋለ ማለት ነው። አበበ ሮጦ ለመሮጥ አልተነሣም፤ ሩሯን ለመያዝ ሮጠ። ይህን ልብ እንበል፤ ወደ ኋላ ይጠቅመናልና።

አበበ ከመንደሩ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ወታደርነት ተቀጠረ። በዚያም ወታደሮቹን ስፖርት ያሠለጥኑ የነበሩት ከስዊድን የመጡት ኦኒ ኒስካነን ችሎታውን ተመለከቱ። በ1952 ዓ.ም. ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስን አገባ፤ ከጊዜ በኋላም የአራት ልጆች አባት ሆነ። በዚያው በጋብቻው ዓመት፣ ጳጉሜን 5 ቀን፣ ማለትም በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ በሮማ ከተማ በተደረገው የኦሊምፒክ ማራቶን ተሰለፈ። ጫማው ስላልተመቸው 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ። በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። አገሩም አዲሱን 1953 ዓ.ም. በዚህ የምሥራች ተቀበለ።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ደግሞ እንደገና አሸነፈ። ከውድድሩ ከአንድ ወር ትንሽ በለጠ ጊዜ አስቀድሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና አውጥቶ ነበር። ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው ሯጭ ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ደረሰ። አበበ በዚያ አራት ደቂቃ ውስጥ ምን አደረገ? ወደ ሣሩ ሄዶ፣ በጀርባው ተጋድሞ እግሮቹን ወደ ላይ እያነሣ ያፍታታ ጀመር! የሞላው ስታዲየም በመደነቅ ተመለከተው። ማራቶንን በሁለት ኦሊምፒክ ተከታትሎ ያሸነፈ ከእርሱ በፊት ማንም አልነበረም፤ እርሱ ግን ሩጫው ካለቀ በኋላ እንኳ ገና ያልተጫወተ ሰው ይመስል ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን የሩጫ ታሪክ የአርሲ ሰው ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ካሉት መንደሮቻችን የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና፣ የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በ1988 ዓ.ም. በአትላንታና በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ አምጥተዋል። ኃይሌ በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደውን 10 ኪሎ ሜትር መንገድ እየሮጠ ይመላለስ እንደነበር እያንዳንዱ የአሰላ ተማሪ ሰምቷል። ስለዚህ በእኛ አገር አባት ልጁን «እንደ አበበ ሩጥ» ቢለው አያስገርምም። ነገር ግን ከአበበ የምንማረው ሩጫውን ብቻ ከሆነ ከታሪኩ ግማሹን ትተናል።

በ1961 ዓ.ም. ጥቅምት በሜክሲኮ ኦሊምፒክ አበበ በእግር ሕመም ምክንያት ውድድሩን አቋርጦ ወጣ፤ የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴም አሸነፈ። በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን ሌሊት አበበ ራሱ ይነዳት የነበረችው መኪና ተገለበጠች። አከርካሪው ክፉኛ ተጎዳ። ያን ጊዜ ዕድሜው 36 ዓመት ነበር። እነዚያ በሮማ ድንጋይ ንጣፍ ላይ ያለ ጫማ የሮጡ እግሮች ዳግመኛ አልቆሙም። መጀመሪያ ላይ እጆቹ እንኳ አልታዘዙለትም ነበር።

ለሕክምና ወደ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንድቪል ወደሚባለው ሆስፒታል ተወሰደ። ስለዚህ ሆስፒታል ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ለነገራችን ዋና ቁልፍ ነውና። በ1936 ዓ.ም. በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ከናዚዎች ሸሽተው ወደ እንግሊዝ የገቡ ሉድቪግ ጉትማን የሚባሉ አይሁዳዊ ሐኪም፣ አከርካሪያቸው የተመታ ወታደሮችን ለማከም በዚያ አንድ ክፍል ከፈቱ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው ተስፋ እንደሌለው ይቆጠር ነበር፤ አልጋ ላይ ተኝቶ በሚመጣ ቁስልና በኩላሊት ሕመም ብዙዎቹ ቶሎ ይሞቱ ነበር። ዶክተር ጉትማን በሽተኞቹ በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አዘዙ፤ ሥራም እንዲማሩ አደረጉ። ከዚህም ጋር አንድ እንግዳ መድኃኒት ጨመሩ፤ እርሱም ጨዋታ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. በሎንዶን የኦሊምፒክ ውድድር በተከፈተበት ዕለት፣ ዶክተሩ በሆስፒታሉ ሣር ላይ 16 ሰዎችን በተሽከርካሪ ወንበር አሰልፈው በቀስት ዒላማ አጫወቷቸው። ያ ትንሽ ጨዋታ ዓመት ለዓመት እያደገ ሄደ። መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም. ከ23 አገሮች የተሰበሰቡ 400 ያህል አካል ጉዳተኞች ለትልቅ ውድድር ተገናኙ፤ ይህም ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የሚቆጠረው ነው። የተገናኙባት ከተማ ሮማ ነበረች። አበበ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ገና ስምንት ቀን መሆኑ ነው። እርሱ የእግርን ኃይል ባሳየባት ከተማ፣ እግር የሌላቸው ሰዎች የልብን ኃይል ሊያሳዩ ተከትለው መጡ።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አበበ ራሱ የእነዚያ ሰዎች ወገን ሆነ። በስቶክ ማንድቪል ስምንት ወር ያህል ታከመ። እጆቹ ቀስ በቀስ ታዘዙለት፤ እግሮቹ ግን አልዳኑም። እንግዲህ በዚህ ጊዜ ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው፣ የሁለት ወርቅ ባለቤት መሆኑን እያስታወሰ፣ ከእንግዲህ ምንም ነገር ላለመሞከር መወሰን ነው። እንደ እርሱ ያለ ዝነኛ ሰው በዓለም ፊት ከታች ጀምሮ ተማሪ መሆን ይከብደዋልና፣ ይህን ቢመርጥ ማንም አይወቅሰውም ነበር። አበበ ግን ሌላውን መንገድ መረጠ። ቀስት አነሣ።

በ1962 ዓ.ም. ክረምት በስቶክ ማንድቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር፣ አበበ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኖርዌይ ሄዶ በረዶ ላይ በመንሸራተቻ በሚደረግ የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር ተካፈለ፤ አንደኛም ወጣ። አስቡት፤ በጃቶ ሜዳ ሩር ሲያባርር ያደገ ሰው፣ በሰሜን የዓለም ጫፍ በበረዶ ላይ ሲንሸራተት! ከሩጫ በቀር ሌላ የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ እግሩ ሲቀር ሁሉ ነገር በቀረበት ነበር። ሥራው ሩጫ ነበር፤ ሩጫውም ሄደ። ከሩጫው በፊት የነበረው የእረኛው ልጅ የጨዋታ ፍቅር ግን አልሄደም።

ይህን ባሰብሁ ቁጥር ከአበው ታሪክ አንዱ ይታወሰኛል። የመነኮሳት አባት ቅዱስ እንጦንስ በበረሃ ከወንድሞች ጋር ተቀምጦ እየተጫወተ ሳለ፣ አንድ አዳኝ በዚያ አለፈ። መነኮሳቱ ሲሥቁ አይቶ ነገሩን እንደ ነውር ቆጠረው። ቅዱሱም አዳኙን ቀስቱን እንዲስብና እንዲወረውር አዘዘው፤ ወረወረ። ደግሞ እንዲስብ አዘዘው፤ ሳበ። ሦስተኛ ጊዜ ሲያዘው አዳኙ፣ ከልኩ በላይ ብስበው ቀስቴ ይሰበራል ብሎ መለሰ። እንጦንስም የወንድሞች ነገር እንዲሁ መሆኑን ነገረው፤ ያለ ልክ ከተወጠሩ ይሰበራሉና አልፎ አልፎ ሊላሉ ይገባል። አዳኙ ልቡ ተነክቶ ሄደ፤ መነኮሳቱም ተጽናንተው ወደ በዓታቸው ተመለሱ።

በጾምና በጸሎት ከእንጦንስ የሚበልጥ ማን አለ? እርሱ ጨዋታን ለመነኮሳት ከፈቀደ፣ እርሻና ንግድ፣ ልጅና ዕዳ ለወጠረው ባለትዳር እንዴት አይፈቀድም? ደግሞም ላልቶ ያረፈ ቀስት ለሥራ ሰነፍ አይሆንም፤ በሚፈለግበት ጊዜ አጥብቆ የሚወረውረው እርሱ ነው። አበበም እንዲሁ ነበር። በቶኪዮ ሣር ላይ እግሩን ሲያፍታታ ያየነው ሰውና በስቶክ ማንድቪል ቀስት ሲስብ ያየነው ሰው አንድ ሰው ነው።

በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ በተደረገው ኦሊምፒክ አበበ በተሽከርካሪ ወንበሩ ሆኖ የክብር እንግዳ ሆነ፤ ሕዝቡም በደስታ ተቀበለው። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎሉ ውስጥ በደረሰ የደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ ዐረፈ፤ በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያንም ተቀበረ። ከዚያ ስድስት ወር ብቻ አስቀድሞ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ በአሰላ አጠገብ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ተወልዶ ነበር። ከልጆቹም አንዷ ጽጌ አበበ፣ አድጋ የአባቷን ሕይወት በመጽሐፍ ጽፋ አሳትማለች። አንድ አባት ለልጁ ገንዘብና ቤት ሊያወርስ ይችላል፤ ልጅ ብዕር አንሥታ እንድትጽፍለት የሚያደርገው ግን አብረው ያዩት ሕይወት ነው።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ይህ ታሪክ ለቤታችን ምን ይነግረናል? በመጀመሪያ፣ አባት የሆነ ሰው በቤቱ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጨዋታ ይኑረው። ገንዘብ የሚጠይቅ መሆን የለበትም። ገበጣ መሬት ላይ በተቆፈሩ ጉድጓዶችና በጠጠር ይጫወቱታል። ዳማ ከካርቶንና ከጠርሙስ ክዳን ይሠራል። ክራር መምታት የሚችል ክራሩን ከግድግዳው ያውርድ፤ በገና የሚደረድር አባትማ በዐቢይ ጾም እንኳ ቤቱን በመንፈሳዊ ዜማ ያጽናናል። ፈረስ የሚወድ የአርሲ ሰው ልጁን ከፊቱ አስቀምጦ ያለምደው። ንብ ማነብ፣ አበባ መትከል፣ የተሰበረ ወንበር መጠገን፣ ያረጀ ራድዮ ፈትቶ መግጠምም ለሚወደው ሰው ጨዋታ ነው። ዋናው ነገር ጨዋታው ከልጆቹ ጋር መሆኑና ከቤቱ አለመራቁ ነው።

ሁለተኛው ልክ ነው። ጨዋታ የሚጠቅመው በልኩ ሲሆን ነው። ገንዘብ የሚያዝበት ቁማር ጨዋታ አይደለም፤ የልጆችን እንጀራ የሚበላ ነገር እንዴት ጨዋታ ይባላል? ሰውን የሚያዋርድ ቀልድም ጨዋታ አይደለም። ሥራን የሚያስተው፣ ከቅዳሴ የሚያስቀር፣ ከሚስት ጋር የሚያጣላ ከሆነም ስሙ ተለውጧል ማለት ነው። ጠቢቡ ሰሎሞን ለሁሉም ጊዜ እንዳለው ሲያስተምር፣ ለልቅሶም ለሣቅም ቦታ ሰጥቷል፤ ሁለቱንም በአንድ ሰዓት አላደረጋቸውም።

ሦስተኛውና ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ሌላ ነው። በብዙ ቤቶች ውስጥ አንድ የተቀመጠ ሰው አለ። በጡረታ ከሥራው የተለየ አባት ይሆናል፤ በሕመም እጁ ወይም እግሩ የሰነፈ አጎት ይሆናል፤ ከልደቱ ጀምሮ መራመድ ያልቻለ ልጅ ይሆናል። ምግቡን በሰዓቱ እናቀርብለታለን፤ ልብሱን እናጥብለታለን፤ ጸበልም እንወስደዋለን። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የምናስገባው፣ ሲጫወቱ «አንተ አርፈህ ተቀመጥ» የምንለው ከሆነ፣ ሳናውቀው ሁለተኛ ሕመም ጨምረንበታል። የስቶክ ማንድቪሉ ሐኪም ከ80 ዓመት በፊት ያየው ይህንኑ ነበር። ሰው የሚድነው ቁስሉ ሲደርቅ ብቻ አይደለም፤ ተራው ደርሶ ጠጠሩን ሲወረውር፣ ሲያሸንፍና ሲሸነፍ ነው።

ለዚህም ምስክር ቢያስፈልግ በቅርቡ ያየነው አለ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ትዕግሥት ገዛኸኝ የማየት ችግር ላለባቸው በተዘጋጀ የ1,500 ሜትር ሩጫ አሸንፋ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አመጣች። ያሸነፈችበትም ከተማ ቶኪዮ ነው፤ አበበ በ1957 ዓ.ም. ወርቁን ያጠለቀባት። በየመንደራችን ከጓዳ ያላስወጣናቸው ስንት እንደ እርስዋ ያሉ ልጆች እንዳሉ እያንዳንዱ ቤት ራሱን ይጠይቅ።

የወርቁ ነገር ለጥቂቶች ነው። ከሺህ አባቶች አንዱ እንኳ ማራቶን አያሸንፍም። ከሺህ አባቶች ሁሉ ግን አንድ ቀን ጉልበት የማይቀርበት የለም። ያ ቀን ሲመጣ ከልጆቹ ጋር የሚጫወተው ነገር ያለው አባት በቤቱ መካከል ይቀመጣል፤ የሌለው ግን በቤቱ ውስጥ እያለ እንግዳ ይሆናል። ስለዚህ አባቶች ጉልበታችሁ ሳለ ጨዋታን በቤታችሁ ዝሩ። ልጆችም፣ አባታችሁ ወይም አያታችሁ በወንበራቸው ላይ ዝም ብለው ተቀምጠው ባያችሁ ጊዜ፣ ገበጣውን ይዛችሁ ወደ እርሳቸው ቅረቡ። «ይጫወቱ» የሚለውን መልካም ቃል ለእንግዳ ብቻ አናስቀረው፤ ለቤቱም ባለቤት እንበለው።